በቀኝ ኪስ የነበረው ሥር

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ከቦርሳዋ ትንሽ ጥቅል አወጣች። ጫፉን በጥርሷ ቀድዳ በያዘችው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ስታራግፈው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አፈር አፈር የሚል፣ መራራ ይሁን ጣፋጭ ያልለየለት ሽታ ነው። ወዲያው አላወቅሁትም። እኔ ዘንድሮ ብዙ ነገር ወዲያው አላውቅም። ከቡራዩ ስነሳ ጃንጥላ ይዤ እንደወጣሁ አስታውሳለሁ፣ አየር ጤና ስደርስ ጃንጥላው የለም፤ መሀል ላይ የት እንደቀረ እግዜር ይወቀው። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ ሽታውን አወቀው መሰለኝ፣ ሳላዘው የኮቴን ኪሶች ይዳብስ ጀመር። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ጂንሰንግ ሻይ ነው ጋሼ። የቻይና ነው። ለስኳር በሉት፣ ለደም ብዛት በሉት፣ ለወገብ፣ ለመርሳት፣ ለሁሉም ነው። ከፈለጉ ዲስካውንት አደርግልዎታለሁ።»

«የትኛው ጂንሰንግ ነው?»

«እንዴት የትኛው?»

«ቀዩ ነው? ነጩ ነው? ወይስ የአሜሪካኑ?»

ልጅቱ ፈገግ ብላ አየችኝ። ከመርሳቱ ጋር ሌላም ነገር እንዳለብኝ የጠረጠረች ትመስላለች። «ጋሼ ደግሞ! ጂንሰንግ ጂንሰንግ ነው» አለችኝ።

ጂንሰንግ ጂንሰንግ ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሰላም በኖርኩ ነበር። ጂንሰንግ ጂንሰንግ ስላልሆነ ነው አባቴን የገደልኳቸው እኔ እሆን ወይስ አልሆን ሳላውቅ ጸጉሬ የሸበተው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለእሷ አልነገርኳትም። እሷ ግን ሳዝናት ነው መሰለኝ አንድ ጥቅል በነጻ ሰጠችኝ፤ «ይቅመሱት፣ ከተስማማዎት ይደውሉልኝ» ብላ ስልኳን ጀርባው ላይ ጻፈችልኝ። እኔም ወደ ኪሴ ከተትኩት። ቀኝ ኪሴ ውስጥ።

መቼ እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት ሲጠሩብኝ ይደበላለቅብኛል። ከዓለም ገና እስከ ሰበታ መንገዱ ግራና ቀኙ የጤፍና የሽምብራ ማሳ የነበረበት ጊዜ ነው። አሁን በዚያው መንገድ ስሄድ አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ የፋብሪካ በር፣ ከበሩ ቀጥሎ ደግሞ አጥር ነው የማየው፤ የአባቴ ማሳ የነበረበትን እንኳ በአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር የምለየው፣ ባለፈው ዓመት እሱንም ነቀሉት። ያን ጊዜ ከዓለም ገና ሰበታ በጋሪ ይኬድ ነበር። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ ወደ ማስቀመጫው የፈሰሰው ተጨምሮ። መስቀለኛው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረች፣ ድምፅ ማጉያዋን ወደ አስፋልቱ አዙራ ቀኑን ሙሉ ታስጮኸዋለች፤ አንዱን ዘፈን ሙሉውን ለመስማት ስንል ታክሲ ያመልጠን ነበር። ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ሥራ እንዳለው ይታወቅ ነበር። እኔ ሸራ ጫማ ነበረኝ፣ ሰማያዊ ቱታም ነበረኝ፤ ቻይኖቹ መንገድ ሲሠሩ ሰበታ መውጫ ላይ በተከሉት ካምፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩና። ጠዋት ጠዋት በካምፑ ድምፅ ማጉያ አንዲት ቻይናዊት ትዘፍንና እነሱ እጃቸውን እያወናጨፉ ስፖርት ይሠራሉ። ቃሉን ማናችንም አናውቀውም፤ የኛ ልጆች ግን ዜማውን ወስደው የኦሮምኛ ግጥም አበጁለት፣ ምሳ ዘገየ የሚል ግጥም ነው። እስካሁን ፊቴን ስታጠብ ያ ዜማ ይመጣብኛል።

የብየዳው ክፍል ኃላፊ ሊዩ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ እላለሁ እንጂ ያኔ የነበረው ዕድሜ አሁን ካለኝ ቢያንስ ነው። ለብየዳ ዘንግ ሊፈርም ይመጣና ፈርሞ አይሄድም፤ ባዶ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ከቻይና ሰሜን ምሥራቅ፣ በረዶ ከሚከምርበት ተራራማ አገር ነው የመጣው። አባቱ እዚያ የመድኃኒት ሥር ነጋዴ ነበሩ። ሊዩ ብየዳ ቢማርም ልቡ ከሥሩ አልወጣም፤ አልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ነበረችው፣ አንድ ቀን አምጥቶ ከፈተልኝ። ያን ቀን ነው ያ ሽታ መጀመሪያ የገባብኝ።

ውስጡ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶ በሚጢጢ አማርኛው፣ ባልበሰለ እንግሊዝኛው፣ ከዚህ የቀረውን በእጁ አስረዳኝ። አንደኛው ራስ፣ ክንድና ሁለት እግር ያለው ሥር ነው፤ በቋንቋቸው ስሙ ውስጥም ሰው የሚል ቃል እንዳለበት ነገረኝ። አንገቱ ላይ እንደ ቀንድ ቀለበት ቀለበት አለው፤ ዕድሜው በዚያ ይቆጠራል። ይኸው ሥር ታጥቦ በፀሐይ ከደረቀ ነጭ ይባላል። በእንፋሎት በስሎ ከደረቀ እንደ ማር ይቀላል፣ ጉልበቱም ይበረታል፣ ሙቀት ነው፤ ብርድ ለገባው፣ ደሙ ለደከመ ሰው ነው። ደግሞ ከባሕር ማዶ ከአሜሪካ የሚመጣ የሥጋ ዘመዱ አለ፣ እሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ ሳል ላለው፣ አፉ ለሚደርቅ፣ ማታ ማታ ለሚያተኩሰው ሰው ይሰጣል። ሦስት ሰባት ብለው የሚጠሩት እንደ ዝንጅብል ቋጠሮ የጠነከረ ትንሽዬ አለ፣ ለሚደማና ወድቆ ለተቀጠቀጠ። ጂንሰንግ መግዣ የሌለው ሰው ከዶሮ ጋር የሚቀቅለው ቀጭን ረጅም ሥርም አለ። የሳይቤሪያ እያሉ የሚሸጡትን ግን እጁን አወናጭፎ ናቀው፤ ስሙ ብቻ ነው፣ ዘር አይገናኝም አለ። ሙቁን ለሚያተኩሰው ሰው መስጠት እሳት ላይ ጋዝ እንደ መጨመር ነው ብሎ በእጁ የሚንቦገቦግ እሳት አሳየኝ። እኔ ይህን ሁሉ ቶሎ ገባኝ። በአገራችን ብርድ መታው፣ ሙቀት አገኘው ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የዱር ጂንሰንግ ፈላጊ ጫካ ውስጥ ተክሉን ሲያይ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት አለበት፣ ግንዱንም በቀይ ክር ያስረዋል፤ አለዚያ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ሮጦ ያመልጣል አለኝ ሊዩ። እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አባቴ ኦቦ ዳባ ለጥርስና ለከብት የሚሆኑ ሁለት ሦስት ሥሮች ያውቁ ነበር። ሊቆፍሩ ሲሄዱ ከሰው ጋር አይነጋገሩም፣ የሥሩን ስም አይጠሩም፣ የሰጡት ሰውም ማን እንደሰጠው፣ ምን እንደበላ አይናገርም። ከተናገረ ይረክሳል። ቆሪቻ፣ መድኃኒት ማለታቸው ነው፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ አፍ ከከፈቱበት ይበራል። እዚያ ስሙን ካልጠሩት ያመልጣል፣ እዚህ ከጠሩት ያመልጣል። የቱ ነው ልክ? እኔ መሀል ቆሜ ነበር፤ ጣጣዬም ከዚህ ነው የመጣው።

አባቴ ያን ክረምት ታመው ነበር። ደረቅ ሳል፣ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ትከሻቸው ከካፖርታቸው ውስጥ እየጠፋ ሄደ። ሆስፒታል ወስደናቸው ስለ ልብም ስለ ሳንባም ብዙ ነገር ተብለን ተመለስን፤ የተሰጣቸውን ክኒን ጥቂት ቀን ወስደው፣ «የተጻፈበት መድኃኒት በቃኝ» ብለው አቆሙ። እናቴ ደግሞ በሌላ በኩል ነበረች። እህቴን ብርቄን ከወለደች ጀምሮ ብርድ ከእጅና ከእግሯ ወጥቶ አያውቅም፤ ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጠዋት ሰው ደግፏት ነው የምትነሳ። ሁላችንም ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት ብለን ነበር የምንጠብቀው፤ ይህን መጻፍ ነውር ነው፣ ግን እውነት ነው።

ሊዩ አንድ እሑድ ቤታችን መጣ፤ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ነበር። አባቴ «ኦቦ ሊዩ፣ አከም ጅርተ?» ብለው ተቀበሉት፤ እሱም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ደጋግሞ እጅ ነሳ። ከምሳ በኋላ የአባቴን እጅ ይዞ ሦስት ጣቱን የደም ሥራቸው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ምላስዎን ያውጡ አላቸው።

«ምነው፣ በሬ ሊገዛ ነው እንዴ?» አሉ አባቴ ወደ እኔ ዞረው።

«ለጤናዎ ነው አባ፣ ያውጡለት።»

አወጡ። ሊዩ አየና «ትኩስ። ደረቅ» አለኝ። ለእናቴ እንዲሁ አደረገና «ብርድ። በጣም ብርድ» አለ፤ እናቴ ይህን ያለ ቻይና መምጣት እኔም አውቄዋለሁ አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ብየዳው ክፍል ጠርቶ ሁለት ጥቅል ሰጠኝ። በስሱ የተከተፉ ናቸው፣ የሰም ቀለም ያላቸው ክብ ክብ ቁራጮች። አንደኛው ያ የአሜሪካኑ ነው፣ ቀዝቃዛው፣ ለአባቴ። ሌላው ነጩ ነው፣ እሱም ሙቅ ነው፣ ለእናቴ፤ ቀዩ ይከብዳታል ብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሦስት ቁራጭ አፍ ውስጥ ይዞ፣ ሲለሰልስ አኝኮ መዋጥ፤ በዚያ ቀን ፍጅል የሚባለውን አትክልት አለመብላት። «ከተቆረጡ እኔም በዓይኔ አልለያቸውም» አለኝ፣ «ስለዚህ ጻፍኩ።» እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሥሩን ስምና የማን እንደሆነ በብሩሽ፣ በራሱ ፊደል ጽፎ ለጥፎበት ነበር። ቀስ ብሎ የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ቀለሙ ወፍሮ ሲያልቅ የሚቀጥንበት ቦታ እንኳ ያምር ነበር።

ያንን ጽሑፍ እኔ በሞቀ ውሃ አርሼ ላጥኩት። ምን ላድርግ? አባቴ የተጻፈበት መድኃኒት አይነኩም። ስሙ የተጠራ፣ ስሙ የተለጠፈበት ሥር ለእሳቸው የረከሰ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የጋዜጣ ወረቀት ጠቀለልኩና የአባቴን በቀኝ ኪሴ፣ የእናቴን በግራ ኪሴ ከተትኩ። ቀኝ አባት፣ ግራ እናት። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር አይጠፋብኝም አልኩ።

ቤት ሳልደርስ ዝናብ ያዘኝ። ብርቄ በር ላይ ተቀብላ እንደ ልማዷ እየተቆጣች ኮቴን ገፈፈችኝና ልታደርቀው ወሰደችው። እኔ ሸራ ጫማዬን አውልቄ ቀና ስል ኮቱ እሳት አጠገብ ተሰቅሏል፤ ሁለቱ ጥቅል ደግሞ ጎን ለጎን ምድጃው ዳር ተቀምጧል።

«ብርቄ፣ ይሄ ከየትኛው ኪስ ነው የወጣው?»

«የቱ?»

«ይሄ። ወይም ያኛው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እርጥብ ኪስ ነው። እንዳይበሰብስብህ ብዬ ነው፣ አሁን ጥፋተኛ ልሆን ነው?»

አልፈረድኩባትም። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ አውጥቼ ቀመስኩ። የመጀመሪያው መራራ ነበር። ሁለተኛውም መራራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ጣፈጡኝ። የአሜሪካኑ ይበልጥ ይመርራል ብሎኝ ነበር ሊዩ፤ ግን ከምኑ ይበልጥ? እንደገና ልቀምስ ስል አፌ ደንዝዟል። አባቴ መደቡ ላይ ተጋድመው ሁሉንም ያዩ ነበር፣ ምንም አልተናገሩም። ዝም ማለታቸው ለመድኃኒቱ ክብር ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። በመጨረሻ ለእሳቱ ቀረብ ብሎ የነበረውን አንስቼ «አባ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። እንዴት እንደሚወሰድ ነገርኳቸው። ስሙን አልጠየቁም፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ሌላውን ወደ ኪሴ መለስኩ። ሊዩን ሳልጠይቅ ለእናቴ አልሰጥም ብዬ ቆረጥኩ። ለአባቴስ ሳልጠይቅ ለምን ሰጠሁ? እኔንም ይህ ጥያቄ ነው የፈጀኝ።

በማግስቱ ሊዩ የለም። ሱሉልታ ያለው የድንጋይ ወፍጮ ተሰብሮ እሱን ለመበየድ ለጥቂት ሳምንት ሄዷል ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ሥራ ፈጥሬ በገልባጭ መኪና ጥግ ተቀምጬ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ድረስ ሄድኩ። ያኔ ሱሉልታ ሜዳ ነበር፤ ድርቆሽና ላም፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ። አሁን ደጋግሜ ሳልፍበት የትኛው ጥግ ላይ እንደወረድኩ ልለይ እሞክራለሁ፣ ፎቁ ሁሉ ይመሳሰልብኛል። ሊዩ የብየዳ መከለያውን ከፊቱ ገልጦ ሲያየኝ ሳቀ። «አባት ይበላል?» አለኝ።

ጥቅሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ «ጽሑፉን ላጥኩት፣ ተደባለቀብኝ፣ እባክህ ቀምሰህ ለይልኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። «ይበላል። ደህና ነው» አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ያን በብሩሽ ቀስ ብሎ የጻፈውን ጽሑፍ እንደ ቆሻሻ ልጬ መጣሌን መናገር አፈርኩ። ደግሞ እዚያ ቆሜ ስለ መድኃኒቱ ካወራሁ አባቴ አፍ ውስጥ እያለ ይረክስባቸዋል ብዬ ፈርቼ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደነበር ያን ቀንም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ሊዩ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ጥቅሉን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

አባቴ ሳምንት ያህል የተሻላቸው መሰለ። ከቤት ወጥተው አጥሩ ድረስ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ባሰ፣ ሳሉ ባሰ፣ ሊዩ ከሱሉልታ ሳይመለስ አረፉ። ለቅሶ ላይ ሊዩ መጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከገበሬዎቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ዓይኔን ዓይኑ ላይ አላሳረፍኩም። ሥራ ስመለስ ያን የቀረውን ጥቅል የካምፑ ወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ያ ሽታ ወጣ፤ ወጥ ሠሪው «ምንድን ነው የምታነደው?» ብሎ ሲጮህብኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ መንገዱ አለቀ፣ ካምፑ ተነቀለ፣ ሊዩም አገሩ ገባ። እኔ አግብቼ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ ቤት ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ቀኝና ግራ ኪሴን እየዳበስኩ ነው። ቀዝቃዛውን ሰጥቼያቸው ከሆነ ዕድሜያቸው አልቆ ነው የሞቱት። ሙቁን ሰጥቼያቸው ከሆነ እሳት ላይ ጋዝ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሐኪም ወዳጄ እንደዚያ ያለ በሽታ ላይ ሥሩ ይሄም ሆነ ያ ለውጥ አያመጣም ብሎኝ ነበር። አመንኩት፤ ለአንድ ሳምንት ያህል።

እናቴ ግን ቀጠለች። በዚያው የለቅሶ ሰሞን አንዴ ነስሯት፣ እንቅልፍም ጠፍቷት ነበር፤ ኀዘኑ ነው አልን። ከዚያ ጋቢዋን እየቀነሰች ሄደች። በዓመቱ ሰው ሳይደግፋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስ ሆነች። ባሏ ሲሞት ኃላፊነት አበረታት፣ የሴት ልጅ ጉልበት አይታወቅም፣ ብለን ሁላችን በየፊናችን ተርጉመን ዝም አልን። ይኸው አሁን ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደከመ እንጂ አፏና ጆሮዋ ብርቄን ያስጨንቃሉ።

ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ስደርስ ብርቄ ዕድር ሄዳ እናቴ ብቻዋን ነበረች። ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ጠፋው ጃንጥላ አወራኋትና በጀበና ውሃ ጣድኩ። ልጅቱ የሰጠችኝን ጥቅል አገላብጬ አነበብኩት፤ በብዛት ስኳር ነው፣ ጂንሰንግ ጥቂት አለበት፣ የቱ እንደሆነ አይናገርም። ለራሴ ነበር፤ ያን ሽታ ቁጭ ብዬ ላሸተው ነው የፈለግሁት። ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ የፈላውን ውሃ ሳፈስበት እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ሻይ ነው አዮ። የቻይና ሻይ።»

«እስቲ ስጠኝ።»

ትንሽ አቀዝቅዤ ሰጠኋት። ፉት አለችና አልዋጠችውም፤ ልክ ከረሜላ እንደያዘ ሰው በአፏ ውስጥ አቆየችው። ከዚያ ዋጠችና በምላሷ ከንፈሯን ፈለገች።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች። «ስኳር በዝቶበታል እንጂ አባትህ ያበላኝ ነው።»

ያልሰማሁ መሰለኝ። «ማን ነው ያበላሽ?»

«አባትህ ነዋ። ያ የታመመ ጊዜ። ጠዋት ጠዋት እናንተ ሳትነሱ ከጋቢው ያወጣና አፍሽን ክፈቺ ይለኛል። ሦስት ሦስት። አጥንት አጥንት የሚል ነው መጀመሪያ፣ በኋላ ይለሰልሳል።»

«እሳቸውስ? እሳቸው አልወሰዱም?»

«የመጀመሪያ ቀን አንድ ወስዷል። ፈርቼ እንቢ ስለው፣ ይኸው አይገድልም ብሎ ፊቴ አኘከው። ሌላውን በሙሉ እኔ ነኝ የበላሁት።»

አባቴን ገደለ ያልኩት ሥር ከአንድ ቁራጭ በቀር አባቴ አፍ አልገባም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ እያለኝም ነበር መሰለኝ። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«አዮ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መድኃኒት ይወራል እንዴ? እንዳትናገሪ፣ ይረክሳል ብሎኛል።»

«ታዲያ አሁን እየነገርሽኝ አይደል?»

«አሁን ምኑ ይረክሳል፣ ሥራውን ጨርሷል» አለችና ሳቀች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ እጇ ሞቅ ያለ ነበር። «እኔስ ‹ያንተን ጥቅል አልወስድም፣ ልጁ ለአንተ ነው ያመጣው› ብዬው ነበር። እሱ ግን ሁለት ጥቅል እንደነበረ በዓይኑ አይቷል፣ ምድጃ ዳር። ‹ሌላ አስቀምጦልኛል፣ ሁለት ነው ያመጣው፣ ያንቺ ሲያልቅ የእኔን ይሰጠኛል› ይለኝ ነበር። ሲጨነቅ እንኳ በር በሩን ያያል፣ አንተ ከሥራ እስክትገባ። መድኃኒት አይጠየቅም ብሎ ነው እንጂ ሊጠይቅህ ነበር።»

ድምፅ ማጉያው፣ ካሴት ቤቱ፣ የሱሉልታ ብርድ፣ የወጥ ሠሪው ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ያ በኪሴ ሱሉልታ ደርሶ የተመለሰ፣ ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት ጥቅል፣ አባቴ በር በሩን እያዩ የጠበቁት ነበር። ሙቁ ይሁን ቀዝቃዛው፣ ይፈውስ አይፈውስ፣ ያን አላውቅም። የአባቴ ግን ነበር።

«ኢልመ ኮ» አለች እናቴ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ የማያዩኝን ዓይኖቿን ወደ ፊቴ አዙራ። «ያኛውን ሰጠኸው አይደል? እኔ አላየሁም፤ ተደብቃችሁ ነው ያደረጋችሁት ብዬ ነው።»

«አዎ አዮ» አልኳት፤ «ሰጥቼያቸዋለሁ።»

«ጎሽ» አለችና ብርጭቆዋን ዘረጋችልኝ። ጀበናው ውስጥ ትንሽ የሞቀ ውሃ ቀርቶ ነበር፤ ጨመርኩላት።